ማህዲ ደህና ነው

ሱንዱስ ልጇን በስሙ የምትጠራው በሹክሹክታ ነው። ዋሲላ ይህን ያወቀችው ከሪያድ በተመለሰች በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ ገና ከፍራሿ ሳትነሳ ነበር። የእሷን ክፍል ከተከራይዋ ክፍል የሚለየው አንድ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ወዲያ ማዶ የሚተነፈሰው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። "ሙሀይሚን" ትላለች ሱንዱስ ቀስ ብላ። መልስ የለም። "ሙሀይሚን፣ አቤት በለኛ" ትላለች ደግሞ። አሁንም መልስ የለም። ከግቢው የዋሲላ እናት ዙለይሃ ድምፅዋን ሳትቆጥብ "ማህዲ!" ብላ ስትጣራ ግን ልጁ "አቤት!" ብሎ እየሮጠ ወጣ፤ ባዶ እግሩ ሲሚንቶውን ሲመታው ተሰማ። እናት የወለደችውን ልጅ ስም እንደ ሌባ ተደብቃ ስትጠራ መስማት ያማል። ዋሲላን ግን ከማመሙም በላይ አስፈራት፤ ማህዲ የሞተው ወንድሟ ስም ነው።

ማህዲ የሞተው በ2014 ጥቅምት፣ ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የገባ ሰሞን ነው። ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ለዋሲላ የነገራት ጓደኛው ፈንታሁን ነው፤ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ ሪያድ ደወለላትና ሐይቁ ዳር አብረው ሲያልፉ ተባራሪ ጥይት ማህዲን እንደጣለው፣ እሱ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ እንደሮጠ፣ እናቷ ግን እስካሁን ምንም እንዳልሰማች እያለቀሰ ነገራት። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ጎረቤት ተከትሎ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፤ ይህን ሪያድ ቀርቶ ጨረቃ ላይ ያለ ወሎዬም አይዘነጋውም። ስለዚህ ተቋርጦ የከረመው ኔትወርክ ተመልሶ እናቷን ስታገኝ፣ ዋሲላ እንባዋን ውጣ እንደ ወትሮዋ "ማህዲስ?" አለቻት። እናቷ "ማህዲ ደህና ነው፤ በልቶ ተኝቷል" አለች።

ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ በየሳምንቱ ይኸው ነበር። ማህዲስ? ማህዲ ደህና ነው። ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሻለው። ወተት አምሮት ገዛሁለት። አሁን እዚህ እየሳቀ ነው። ዋሲላ ከአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ይህን ትሰማ ነበር፤ አንዳንዴ ከእናቷ ድምፅ በስተጀርባ በእርግጥም የሚስቅ ሰው ይሰማታል። "እስቲ አገናኚኝ" ብላ ጠይቃ አታውቅም። እናቷም "ላገናኝሽ" ብላ አታውቅም። በመጨረሻ እናቴ የልጇን ሞት ሳትሰማ፣ ሳታለቅስ፣ በናፍቆት ብቻ አበደች ብላ ደመደመች። ኮንትራቷ ሲያልቅ አላሳደሰችም። የመጣችው መርዶውን በወጉ አስነግራ እናቷን ከዚህ ነገር ልታወጣት ነው፤ ካልሆነ እናቷን በቁሟ ማጣቷ ነው።

የሚስቀውን ሰው ትናንት አመሻሽ ከሚኒባስ ወርዳ ግቢው ስትገባ አየችው፤ የሱንዱስ ልጅ ኖሯል። ሱንዱስ የውጫሌ ልጅ ናት። ባሏ ከጦርነቱ በፊት በየመን በኩል ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። እሷ መውለጃዋ ደርሶ ከአምባሰል በእግሯ ሸሽታ እዚህ በር ላይ ስትወድቅ ዙለይሃ አስገባቻት፤ በማግስቱ አዋላጅም ሐኪምም በሌለበት ልጁን በገዛ እጇ ተቀበለችላት። ሙሀይሚን ብላ ያወጣችለት እናቱ ናት። ማህዲ ያለችው ዙለይሃ ናት። ዋሲላ ቀኑን ቆጥራ ስትደርስበት ልጁ የተወለደው ማህዲ በሞተ በማግስቱ ሆነባት፤ ደግማ መቁጠር አልፈለገችም።

ቁርስ ላይ ዙለይሃ ልጁን መስኮቱ ሥር ባለችው በርጩማ፣ ማህዲ ይቀመጥባት በነበረችው ላይ አስቀምጣ ዳቦ በሻይ እየነከረች አጎረሰችው። እብድ አትመስልም። ሰላቷን አላዛነፈችም፤ የምታወራውም የጤነኛ ሰው ወሬ ነው። አምስት ሊትር ዘይት ሺህ ስድስት መቶ ብር ገብቷል አለች። የወልዲያ መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል አለች። ባለባጃጁ ስንት አስከፈለሽ ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ፣ ዘርፎሻል አለች። ዋሲላም ስለ ሪያድ ሙቀት ትንሽ አወራች። ከዚያ አለቀባቸው። ስድስት ዓመት ሳይተያዩ የከረሙ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ እየደነገጡ ሁለቱም ወደ ልጁ ይዞራሉ፤ ልጁም የሚበላ ሁሉ እንደሚያደርገው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ጎረቤት ለእንኳን ደህና መጣሽ ይገባ ጀመር። ከአረብ አገር የመጣ ሰው ቤት የሚገባ ጎረቤት ከሰውየው በፊት ሻንጣውን ነው ሰላም የሚለው፤ እነዚህ ግን ሻንጣውን ዞር ብለውም አላዩት። እጇን ይይዙና አይለቁም። ዓይን ዓይኗን አይተው አንገታቸውን ይደፋሉ። የጎን ጎረቤታቸው ሐቢባ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው ሴት፣ ዋሲላን ስማ ስማ ድንገት የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ወጣች። የማህዲን ስም አንድም ሰው አላነሳም። የእናቴን ነገር ያውቃሉ፣ አዝነውልኝ ነው አለች ዋሲላ በልቧ። ቢሆንም ሰው ሁሉ እንዲህ አይቶሽ ዝም ሲል የሞተው አንቺ ራስሽ የሆንሽ ይመስልሻል።

ረፋዱ ላይ ዙለይሃ ከቁም ሳጥኑ አንድ ደብተር አወጣች። ዋሲላ ገና ከሩቅ አወቀችው። ወደ አረብ አገር እንደሄደች፣ ያ ለውጥ መጣ ተብሎ ሁሉም ደስ ብሎት በነበረበት ጊዜ፣ በመጀመሪያ ደመወዟ ለማህዲ ስልክ ልካለት ነበር። እሱም በስልኩ ማንጋ የሚባለውን የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ቀንም ሌትም ያነብ ጀመር። በእነዚያ ታሪኮች ሰው ይሞትና ሌላ ዓለም ውስጥ እንደገና ይወለዳል፤ የቀድሞ ሕይወቱን ሳይረሳ ያድጋል። ቆይቶ ማህዲ የራሱን መሣል ያዘ፣ በእርሳስ፣ በዚህ ደብተር። አንድ ወጣት ሐይቁ ውስጥ ይሰጥማል፤ ከውሃው ሥር እንደ እኛዋ ያለች፣ ግን ቤቶቿ በጣሪያቸው የቆሙ ከተማ አለች። እዚያ ሕፃን ሆኖ ይወለዳል፤ ከዚያም በውሃው አልፎ ወደ እናቱና ወደ እህቱ ይመለሳል። ዋሲላ ደብተሩን ተቀብላ እንደ ለመደችው ከግራ ስትከፍተው ታሪኩ ተገለበጠባት፤ ሕፃን ከቤቱ ወጥቶ፣ ወደ ውሃው ወርዶ፣ አድጎ ሰጠመ። የጃፓኖቹ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ማህዲም እንደዚያው አድርጎ ነበር የሣለው። ዙለይሃ ከቁርኣን በቀር የተማረችው ስለሌለ ለእሷ መጽሐፍ ማለት ከቀኝ የሚከፈት ነገር ነው። ከእጇ ወሰደችና አገላብጣ ለልጁ ከፈተችለት።

ልጁ ገጾቹን በቃሉ ይዟቸዋል። ትንሿን ጣቱን ሥዕሉ ላይ እያሳረፈ "እዚህ ሰጠምኩ" ይላል። "እዚህ ጨለማ ነው። እዚህ እማ አገኘችኝ።" ዙለይሃ እየሰማች ጸጉሩን ትደባብሰዋለች፤ አታርመውም። ሱንዱስ በር ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ አንገቷን አላነሳችም። ልጁ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ምክንያቱም ገጹ ባዶ ነው። ማህዲ አልጨረሰውም። መጨረሻውን ለዋሲላ ብቻ ነበር በስልክ የነገራት። በታሪኩ ያለው ልጅ ተመልሶ ሲመጣ እህቱ አታውቀውም፣ በፊት ለምኗት የነበረውን ነገር ሲጠይቃት ያን ጊዜ ታውቀዋለች ብሏት ነበር። ምን ብሎ ይጠይቃታል ስትለው ስቆ "ጫማዬስ?" አላት። ያኔ ቁጥር አርባ ሁለት ነጭ የስፖርት ጫማ ግዢልኝ እያለ የሚነዘንዛት ጊዜ ነበር። ገዝታው ነበር። ፈንታሁን የደወለው ጫማውን በገዛች በሁለተኛ ሳምንቱ ነው።

ሻንጣዋን የከፈተችው ይህን ሁሉ ከራሷ ለማባረር ነው። ለእናቷ አባያ፣ ለሱንዱስ ሻሽና ሽቶ፣ ለጎረቤት ሳሙናና ሻይ ቅጠል አወጣች። ልጁ መጋረጃውን ገልጦ ገባና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ አያት። "ጫማዬስ?" አለ። ሽቶው ከዋሲላ እጅ ወደቀ። ለሁሉም ስጦታ ሲታደል ያየ ልጅ ጫማ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ምንም አይገርምም፤ ይህንኑ ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው። ልጁ ግን መልሷን አልጠበቀም። ሻንጣው ጥግ ከልብስ ሥር የነበረውን ካርቶን ሳበና ከፍቶ ሁለት እግሩን ነጩ ጫማ ውስጥ ከተተ። ዙለይሃ ከኋላ መጥታ ኖሯል። ጫማውን አየች፤ ዋሲላን አየች። "ይሰፉታል" አለች በመጨረሻ። "ግድ የለም፣ ያድግባቸዋል።" ከዚያ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ከቀትር በኋላ ዋሲላ ሱንዱስን ፍለጋ አስፋልቱ ዳር ወረደች። ሱንዱስ ከደሴ ለሚመጣ መንገደኛ አሳ ትጠብሳለች፤ አንዱን ቆሮሶ በመቶ ሃምሳ፣ ከዳጣ ጋር። ዘይቱ እየተንጫጫ አጠገቧ ቆመችና ልጁን ለምን በስሙ አታስጠሪውም ብላ ጠየቀቻት። ሱንዱስ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሁለት አሳ ገለበጠች። የተወለደው በእማማ ዙለይሃ እጅ ነው፣ እኔም የተረፍኩት በእሳቸው ነው፣ ምን አፍ አለኝ አለች። መጀመሪያ ለስልክ ብቻ ነው ብለዋት ነበር። ከዚያ ለቀንም ሆነ። አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙን የማያውቅ ልጅ ይዛ መሄድ ነው ያስጨነቃት። "ዋሲላ እስክትመጣ ታገሺኝ፣ ከዚያ ስሙን እመልስልሻለሁ ብለውኛል" አለች። ዋሲላ እኔ ምን አግብቶኝ ነው ስትል ሱንዱስ ወደ መጥበሻው ዞረች። "አንዳንዴ እኮ እኔም ሳላስበው ማህዲ እለዋለሁ" አለች። ቀጥሎ አንድ ሚኒባስ ቆመና ወሬው ተቋረጠ።

ሼህ አብዱልከሪም መስጊዱ አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። የሰፈሩን ሙታን የሚያጥቡትም፣ መርዶ ሲኖር ፊት የሚቀድሙትም እሳቸው ናቸው። ዋሲላን ሲያዩ በስፌት መኪናው አንገታቸውን አቀርቅረው ሰላም አሏት። እሷም ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው እንደምታውቅ፣ በስልክ እንደማይሆን ብላ ዝም እንዳለች፣ እናቷ እስካሁን እንዳልሰማች፣ የሰው ልጅ በልጇ ስም እያሳደገች እንዳለች። "ነገ መጥታችሁ አርዱልኝ" አለች።

ሼሁ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። "ከመጀመሪያው ታውቂያለሽ?" አሉ። አዎ አለች። መቀሱን አነሱት፣ አስቀመጡት፣ እንደገና አነሱት። ከዚህ ዓለም የሄደ ከቂያማ ቀን በፊት እንደማይመለስ እናትሽ አሳምራ ታውቃለች አሉ፣ የተጠየቁት ያ ሳይሆን። "ነገ ከሱብሂ በኋላ እንመጣለን። መምጣቱንስ እንመጣ ነበር" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልትጠይቅ ስትል፣ መርዶ መንገድ ላይ አይወራም ብለው የመኪናውን ጎማ በእጃቸው ገፉት።

ቅዳሜ ማለዳ ዋሲላ ሰግዳ እንደጨረሰች ጆግ ሙሉ ውሃ ቀድታ ሳሎን ገባች። ራሷን ለምትስት ሰው ውሃ ቅርብ መሆን አለበት። እናቷ ቀድማት ተነስታ ምንጣፍ አንጥፋለች፤ ጥግ ላይ ሌላ ጆግ ሙሉ ውሃ ተቀምጧል። ዋሲላ የራሷን ከጎኑ አስቀመጠችው። እናቷን ለመያዝ እንዲያመቻት ከቀኟ በኩል ተጠግታ ተቀመጠች። ዙለይሃም ወደ እሷ ተጠጋች። የግቢው በር ሲንኳኳ ዋሲላ የእናቷን ክንድ ጨበጠች፤ በዚያው ቅጽበት የእናቷ ጣቶች የእሷን ክንድ ጨብጠው አገኘቻቸው። ቀና ስትል ዙለይሃ እያየቻት ነበር። እናት የታመመ ልጇን በምታይበት ዓይን ነው ያየቻት።

ሼሁ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው ገቡ፤ ሐቢባና የሰፈሩ ሴቶች ተከትለው በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ከዱዓው በኋላ ሼሁ ሁለቱንም በየተራ አዩ። "መርዶ ስናገር ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም" አሉ። "ዙለይሃ፣ ካቻምና ጀምሮ ልጄ ከሰው አገር ስትገባ አርዱልኝ ስትዪኝ ነበር። ዋሲላ፣ አንቺ ደግሞ ትናንት መጥተሽ እናቴን አርዱልኝ አልሽኝ። የማንን ፊት እያየሁ ልናገር?" አሉና ቀጠሉ። "እንግዲህ ለሁለታችሁም ነው። ማህዲ..."

"አቤት" አለ ልጁ ከበሩ።

ነጩን ጫማ አድርጎ የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል። ሼሁ የጀመሩትን አልጨረሱትም፤ "ኢና ሊላሂ" ብቻ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ።

"ታውቂ ኖሯል" አለች ዙለይሃ። ዋሲላ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ በሦስተኛው ቀን እንደተነገራት፣ ሼሁ ከሁለት ሰዎች ጋር ተኩስ ባለበት እንደቀበሩት ነገረቻት። ከተማው ተይዞ ስለነበር ለቅሶ አልተቀመጠችም። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ልጄ በባዕድ ቤት ብቻዋን እንዳትሰማ ብላ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ በአላህ አስማለችው። "ስትደውዪ ግን ማህዲስ ትያለሽ" አለች። "በሞተ ልጄ ደህና ነው ብዬ ልዋሽ? ምላሴ እምቢ አለኝ። ይሄን ሕፃን ማህዲ አልኩት። ደህና ነው ስልሽ ውሸት እንዳይሆንብኝ።" በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠችው ሱንዱስ ዞረች። "መጀመሪያ እንደዚያ ነበር፣ ወላሂ። ኋላ ስጠራው አቤት ሲለኝ፣ የቱን እንደምጠራ ጠፋኝ። አፉ በይኝ፣ ሱንዱስ።"

ዋሲላ ያን ጊዜ ነው የገባት። እናቴን ከመርዶው እየጠበቅኩ ነው ብላ በየሳምንቱ ማህዲስ ባለች ቁጥር፣ ከዚያ ልጅ ላይ ስሙን እየገፈፈች ነበር። ከሐዘኑ ይልቅ ይህ አንገበገባት። እናቷ ላይ ተደፋች፤ እናቷም እሷ ላይ፤ የሦስት ዓመት ተኩል ለቅሶ ከሁለቱም ባንዴ ወጣ፤ ሁለቱም ጆጎች ተፈለጉ። ሴቶቹ በየቤታቸው ውጠውት የከረሙትን አለቀሱ። ሐቢባ እንደ ልቧ መጮህ ስለቻለች እፎይ ያለች ትመስል ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሱንዱስ ልብሷን በማዳበሪያ ጠቅልላ ተመልሳ ሳሎን ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ነው። ዙለይሃ ዓይኗን ጠርጋ ተነስታ ተቀመጠች። ልጁ አሁንም ደፉ ላይ ነው፣ ከኋላው ክፍቱ በርና ባዶው ግቢ ብቻ። ዙለይሃ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በዚያ ቤት ጮክ ተብሎ ተጠርቶ የማያውቀውን ስም ጠራች።

"ሙሀይሚን።"

ልጁ የተጠራው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያም እንዲያልፍ ብሎ ከበሩ ገለል አለለት።